በተማሪ ቤት ግንብ ላይ የተጻፉ ስሞች

ልጅን ወደ ተማሪ ቤት የሚያገባ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ወይም ልብስ አይደለም፤ ስም ነው። መምህሩ መዝገቡን ገልጦ «ስሙ ማን ይባላል? የማንስ ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባትም ይመልሳል፤ ስሙም ይጻፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በየማለዳው ስሙ ሲጠራ «አቤት» እያለ ያድጋል። እንግዲህ ያ ልጅ አድጎ ለአገሩ ወታደር ሆኖ በጦር ሜዳ ቢወድቅ፥ ስሙን ጽፎ የተቀበለው ተማሪ ቤት ምን ሊያደርግለት ይገባዋል? ወላጅ ያለቅሳል፤ ካህን ፍትሐት ያደርሳል፤ መንግሥት ይሸልማል። የተማሪ ቤቱስ ድርሻ ምንድር ነው?

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ስለ ሆንን፥ ስምን መጻፍ ምን ያህል ኀይል እንዳለው በሥራችን አይተነዋል። የተጻፈ ነገር ጸሐፊው ከሞተ በኋላም ይናገራል፤ ያልተጻፈ ግን ምስክሮቹ ሲያልቁ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች፥ በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር ከተማ የሚገኝ አንድ ጥንታዊ ተማሪ ቤት በጦርነት ለሞቱ ልጆቹ ስላቆመው መታሰቢያ ጥቂት ለመናገር አሰብን። ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስልም፥ ከዚያ ግንብ ላይ ስማቸው ከተጻፈው አንዱ በአዲስ አበባ የኖሩ ሰው ናቸውና፥ ከእኛም ጋራ የሚያገናኘው መንገድ አለው። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን እንደ ራሳችን አቈጣጠር አድርገን ጽፈናል።

የዊንቸስተርን ተማሪ ቤት በ1382 ዓ.ም. የመሠረቱት የከተማይቱ ጳጳስ ዊልያም ኦቭ ዋይከም ናቸው። እኒህ ሰው ከዝቅተኛ ቤተ ሰብ ተወልደው፥ በትምህርታቸውና በሥራ ትጋታቸው ከፍ ከፍ እያሉ ሄደው፥ በእኛ አገር ደንብ ከጸሐፌ ትእዛዝ ጋራ የሚቀራረበውን የቻንስለርነት ማዕርግ ሁለት ጊዜ ያገኙ ነበሩ። ድኅነትን ያውቁት ነበርና ተማሪ ቤታቸውን ሲያቋቁሙ ለ70 ድኆች ልጆች ቦታ እንዲሰጥ አደረጉ። ከዚያም በፊት በ1379 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ከተማ ኒው ኮሌጅ የተባለውን ከፍተኛ ተማሪ ቤት መሥርተው ነበር፤ ይኸውም በዊንቸስተር የተማረ ልጅ ወደዚያ አልፎ ትምህርቱን እንዲፈጽም ነው። ሁለቱም ቤቶች የአንድ አባት ልጆች ስለ ሆኑ እስከ ዛሬ አንድ የመሪ ቃል አላቸው፤ ትርጓሜውም ሰውን ሰው የሚያሰኘው ጠባዩ ነው እንደ ማለት ነው። አንባቢያችን የእነዚህን ሁለት ቤቶች ዝምድና በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ሲነሣ ከእንደዚህ ያሉ ተማሪ ቤቶች የወጡ ወጣቶች ፈጥነው ወደ ጦር ሠራዊት ገቡ። የተማሩ በመሆናቸውም ብዙዎቹ የመቶ አለቃና የሻምበል ሹመት እየተሰጣቸው ትንንሽ ጭፍራ መሪዎች ሆኑ። መሪ መሆን ግን በዚያ ጦርነት ከሞት የሚያርቅ ክብር አልነበረም። ወታደሩ ከምሽግ ወጥቶ ወደ ጠላት መትረየስ እንዲሄድ በታዘዘ ጊዜ አስቀድሞ ብቅ የሚለው ይኸው ወጣት መኰንን ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝ ሠራዊት በጠቅላላው ከስምንት ሰው አንድ ያህል ሲሞት፥ ከእነዚህ ተማሪ ቤቶች የሄዱት ግን ከአምስት አንድ ያህል ሞቱ። ኢተን ከተባለው ስመ ጥር ተማሪ ቤት ብቻ ከ5,600 በላይ ሰዎች ዘምተው 1,157 አልተመለሱም። ከዊንቸስተር ልጆችም የሞቱት 500 ያህል ሆኑ። ይህ ቍጥር በዚያን ዘመን በአንድ ጊዜ በተማሪ ቤቱ ይማሩ ከነበሩት ልጆች ሁሉ ቍጥር ጋራ የሚቀራረብ ነው። ተማሪ ቤቱ ባዶውን ቀርቶ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ቀን እንደ ወጡ ሆነው ሳይመለሱ ቢቀሩ ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ ነው።

በዚያ ዘመን የተማሪ ቤቱ አለቃ ሞንታግዩ ሬንዳል ይባሉ ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹን ራሳቸው አስተምረዋቸዋል፤ ጠባያቸውንም ስንፍናቸውንም ያውቃሉ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሁለት ነገር እንዲሠራ አደረጉ። አንደኛው መጽሐፍ ነው፤ በ1921 ዓ.ም. በታተሙ አራት ጥራዞች የሟቾቹ የእያንዳንዳቸው ታሪክ ከፎቶግራፋቸው ጋራ ተጻፈ። ሁለተኛው ግንብ ነው።

ለግንቡ ሥራ የተመረጡት አርክቴክት ሰር ሄርበርት ቤከር ናቸው። እርሳቸው በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶርያ፥ በህንድም በኒው ዴልሂ ታላላቅ የመንግሥት ቤቶችን የሠሩ ሰው ናቸው፤ በቤልጅግ አገር ወደ 12,000 የሚጠጋ መቃብር ያለበትን ታይን ኮት የተባለውን የወታደር መካነ መቃብርም ያቀዱ እርሳቸው ናቸው። የዊንቸስተሩ መታሰቢያ ግን እንደ ሌላው ሐውልት ሽቅብ የቆመ ድንጋይ አይደለም። አራት ማእዘን ሆኖ፥ በመካከሉ ሰማይ የሚታይበት ክፍት ሣር ያለው፥ በዙሪያው ግን በዐምድና በቅስት የተደገፈ ጣራ የለበሰ መመላለሻ ነው፤ እነርሱ ክሎይስተር ይሉታል። የቤተ ክርስቲያናችንን ቅኔ ማሕሌት የሚያውቅ ሰው ዙሪያውን እየዞሩ የሚሄዱበት ሥራ እንደ ሆነ በቀላሉ ያስተውለዋል። በሣሩ መካከል የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ አራቱ ማእዘናትም ለህንድ፥ ለካናዳ፥ ለአውስትራልያና ለደቡብ አፍሪካ መታሰቢያ ሆነዋል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በዙሪያው ሁሉ የአምስቱ መቶ ሰዎች ስም ተቀርጿል።

ከሥራው ማማር ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን የቦታው አመራረጥ ነው። መታሰቢያው በገለልተኛ ስፍራ፥ በዓመት አንድ ቀን ብቻ አበባ ይዘው በሚሄዱበት ቦታ አልተሠራም። ልጆቹ ከሚያድሩባቸው ቤቶች ወደ ትምህርታቸው በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተሠራ። ስለዚህ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ሲሮጥ፥ ትናንት በእርሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩትን ሰዎች ስም በየቀኑ እያየ ያልፋል። አንዳንድ ቀን ያነባል፤ አንዳንድ ቀን አያነብም። ስሞቹ ግን ከመንገዱ አይጠፉም።

የመሠረቱን ድንጋይ በ1922 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ያኖሩት ቫይካውንት ግሬይ ናቸው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው በዚያው ተማሪ ቤት የተማሩ ሲሆኑ፥ በ1914 ዓ.ም. እንግሊዝ ወደ ጦርነት ስትገባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። በምክር ቤት ቆመው አገራቸው ዝም ብላ ልታይ እንደማይገባት የተናገሩ እርሳቸው ነበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ የዓይናቸው ብርሃን እጅግ ደክሞ ሳለ፥ በዚያ ቃል ምክንያት ለዘመቱት ለገዛ ተማሪ ቤታቸው ልጆች የመታሰቢያውን ድንጋይ በእጃቸው አኖሩ። ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ቆም ብላችሁ ብታስቡት መልካም ነው። በቢሮ ተቀምጦ የሚፈርም እጅ፥ የፈረመው ነገር በመጨረሻ የት እንደሚደርስ ሁልጊዜ አያይም። ግሬይ ግን አዩት። ግንቡም አልቆ በ1924 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ የንጉሥ ቤተ ሰብ የሆኑት የኮናውት መስፍን በተገኙበት ተመረቀ።

ከአምስቱ መቶ ስሞች የሁለቱን ሰዎች ታሪክ እንናገራለን፤ ስም ብቻውን ሲታይ ፊደል ነውና።

አንደኛው ሬይመንድ አስኲዝ ነው። አባቱ ጦርነቱ ሲነሣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኸርበርት አስኲዝ ናቸው፤ እርሱም የበኵር ልጃቸው ነበር። በዊንቸስተር በፈተና ተወዳድሮ የገባ፥ በኦክስፎርድም በዕውቀቱ የተደነቀ፥ በኋላም የሕግ ጠበቃ የሆነ ሰው ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ሆኖ፥ ዕድሜውም ሠላሳ ስድስት አልፎ፥ ሚስትና ልጆች እያሉት ከኋላ በጦር አዛዦች ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለመሥራት ይቻለው ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም በዚያ ሠርቷል። ዳሩ ግን ወደ ጭፍራው መመለስን መረጠ። በ1916 ዓ.ም. በመስከረም መጀመሪያ አባቱ በፈረንሣይ የነበረውን ጦር ለመጐብኘት በሄዱ ጊዜ አባትና ልጅ ተገናኙ። ጥቂት ቀን ቈይቶ በመስከረም 15 ቀን በሶም ጦርነት ጭፍራውን እየመራ ሲሄድ ደረቱን ተመታ። የቈሰለው ቍስል የሚገድል መሆኑን ወታደሮቹ አውቀው እንዳይደነግጡ ብሎ ሲጋራ ለኵሶ ነበር ይባላል። ወደ ሕክምና ሲወስዱት ሞተ። ትንሹ ልጁ ገና አምስት ወር አልሞላውም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ግንብ ፊት የቆመ ሰው የሚያነበው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ የአባት ስምና የልጅ ስም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጅ ስም ከሌላው ስም በላይ ከፍ ተደርጎ በወርቅ አልተሸለመም። ልጁን ወደ ጦር ላለመስደድ ኀይል የነበረው አባት እንኳ እንደ ማንኛውም አባት አለቀሰ። ታላቅ ሰው በሕዝብ ፊት የሚከበረው መከራውን ለሌላው ልጅ ብቻ በማያሸክምበት ጊዜ እንደ ሆነ ይህ ታሪክ ያስረዳናል።

ሁለተኛው ሰው ኮሎኔል ቻርልስ ዳውቲ ዋይሊ ናቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው በዊንቸስተር ተምረው ወታደር ሆኑ፤ በኋላም ወደ ቆንስልነት ሥራ ገቡ። በ1909 ዓ.ም. በቱርክ አገር በአዳና ከተማ በአርመኖች ላይ እልቂት በተነሣ ጊዜ፥ በአካባቢው ምክትል ቆንስል ነበሩና የወታደር ልብሳቸውን ለብሰው፥ ከጥቂት የቱርክ ወታደሮች ጋራ በፈረስ ወደ ከተማይቱ መንገዶች ወጥተው ነፍሰ ገዳዮችን ለመበተን ደከሙ። ክንዳቸውን በጥይት ተመትተውም ሥራቸውን አልተዉም። ባለቤታቸውም ለቈሰሉት ሰዎች ሕክምና አደራጁ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ አገራችን መጥተው በአዲስ አበባ የብሪታንያ ቆንስል ሆነው ያገለገሉት። በባልካን ጦርነት ጊዜ ደግሞ በቱርኮች በኩል ሆነው የቀይ መስቀልን ሥራ መሩ፤ ስለዚህም በጎ ሥራ የቱርክ መንግሥት ኒሻን ሸለማቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር እጅግ የሚያሳዝን ነው። በ1915 ዓ.ም. እንግሊዝ በጋሊፖሊ ቱርኮችን ለመውጋት ጦር ስታወርድ፥ የቱርክን አገርና ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ተፈለጉና ኮሎኔሉ ከጦሩ ጋራ ተላኩ። በሚያዝያ 25 ቀን የወረደው ጦር በባሕሩ ዳር በመትረየስ ታጨደ፤ አዛዦቹም አለቁ። በማግሥቱ ኮሎኔሉ የተረፉትን ወታደሮች ሰብስበው መንደሩንና አምባውን ለመያዝ ወጡ። በእጃቸው የያዙት ግን ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ አልነበረም፤ ትንሽ ከዘራ ብቻ ነበር። ከቱርኮች ጋራ የነበራቸውን ፍቅር የሚያውቁ ሰዎች፥ በወዳጆቻቸው ላይ መሣሪያ ለማንሣት አልወደዱም ብለው ተርጕመውታል። አምባው በተያዘበት ሰዓት ራሳቸውን ተመትተው ወደቁ፤ በወደቁበትም ተቀበሩ። መቃብራቸው እስከ ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ ብቻውን ይገኛል። ከሞቱ በኋላ ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለው ከሁሉ የበለጠው የጀግንነት ኒሻን ተሰጣቸው። የሞታቸው ወሬ ሲደርስ ባለቤታቸው በፈረንሣይ አገር ቍስለኞችን ያስታምሙ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰው የሚወደውን ሕዝብ እየወጋ ሊሞት የሚችል ከሆነ፥ ተማሪ ቤትስ በጠላት ወገን ሆኖ የሞተውን የራሱን ልጅ ምን ያደርገዋል? የዚህን መልስ የምናገኘው የዊንቸስተር ታላቅ ወንድም ነው ባልነው በኦክስፎርዱ ኒው ኮሌጅ ነው።

በኒው ኮሌጅ ጸሎት ቤት በጦርነቱ የሞቱት የእንግሊዝ ልጆች ስም ስመ ጥር በሆነው ቀራፂ በኤሪክ ጊል እጅ ተቀርጿል። በዚያው ጸሎት ቤት ግን ሌላ ትንሽ ጽላት አለ። በላይዋ የተጻፉት ሦስት ስሞች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ጀርመኖች ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ከአገራቸው መጥተው በዚያ ተማሩ፤ አንዱም ከዋልዴክ መሳፍንት ቤት የተወለደ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ተመልሰው በጀርመን ሠራዊት ተሰልፈው ሞቱ። ጽሑፉ ጠላት አይላቸውም። ከባዕድ አገር መጥተው የዚህን ቤት ርስት ተካፋዮች እንደ ሆኑ፥ ተመልሰውም ለአገራቸው ተዋግተው እንደ ሞቱ በአጭሩ ይናገራል። ይህች ጽላት የቆመችው በ1930 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቻቸው በጀርመን ጥይት የሞቱባቸው ብዙ አባቶችና እናቶች ገና በሕይወት ሳሉ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ይህ ልማድ በኦክስፎርድ አልጠፋም። ባልዮል በተባለው ኮሌጅ የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ከእንግሊዞቹ ጋራ የጀርመኖች ስም ይገኛል። ከእነርሱም አንዱ አዳም ፎን ትሮት ነው፤ በሂትለር ላይ በተደረገው አድማ ገብቶ በ1944 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ የተሰቀለ ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ የጦርነቱን በደል ለማቃለል የተደረገ አይመስለንም። መንግሥት የጠላቱን ወታደር አያከብርም፤ ይህም የመንግሥት ድንብ ነው። የተማሪ ቤት ሥርዓት ግን የእናትን ሥርዓት ይመስላል። ሁለት ልጆች ያሏት እናት ልጆቿ ቢጣሉና ሁለቱም ቢሞቱ፥ ማን እውነት እንደ ነበረው ዳኛ ይፈርዳል፤ እርሷ ግን የምታለቅሰው ለሁለቱም ነው። ስማቸውን በመዝገብ የጻፈው ቤት ስማቸውን የመፋቅ ሥልጣን የለኝም ብሎ ማመኑ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር የሚቃወመን ሰው እንደማይታጣ እናውቃለን። «ተማሪ ቤት የዕውቀት ቤት ነው፤ የሞት ወሬ በልጆች ዓይን ፊት ለምን ይቆማል? ልጆችን ጦርነት ማስወደድ አይሆንምን? ገንዘቡስ ለግንብ ከሚውል ለድኆች ልጆች ማስተማሪያ ቢሆን አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ይህ አነጋገር ሞኝነት አይደለም። በእንግሊዝም አገር ብዙ ተማሪ ቤቶች በዚህ ነገር ተከራክረዋል፤ አንዳንዶቹ ለሟቾቹ ልጆች ማስተማሪያ ገንዘብ አዋጡ፤ አንዳንዶቹ አዳራሽ ሠሩ፤ አንዳንዶቹ ሐውልት አቆሙ።

እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። ጦርነትን የሚያስወድድ መታሰቢያ ጀግናን በፈረስ ላይ አስቀምጦ ሰይፉን ከፍ ያደርግለታል፤ ስሙን ብቻ እንጂ ዋጋውን አያሳይም። አምስት መቶ ስም አንድ በአንድ ጽፎ በልጆች መንገድ ላይ የሚያኖር መታሰቢያ ግን ዋጋውን ይቈጥራል። ልጁ እየቈጠረ ሲሄድ ግድግዳው አያልቅለትም። ደግሞም በአንዱ ማእዘን ተጠምዝዞ የራሱን የቤት ስም ሊያገኝ ይችላል፤ የአያቱን ወይም የአጐቱን። በዚያን ጊዜ ጦርነት ተረት መሆኑ ይቀርና የቤቱ ነገር ይሆናል። ይህን ያየ ልጅ አድጎ ሹም ሲሆን፥ ሰውን ወደ ጦር ለመስደድ የሚያስገድድ ምክንያት ቢመጣበት እንኳ፥ ሳያስብ አይፈርምም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የሚያሳዝነው ነገር ግንቡ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አለመብቃቱ ነው። ከተመረቀ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ፤ በዚያም መንገድ ስሞቹን እያነበቡ ካደጉት ልጆች ከ250 በላይ ሞቱ። የእነርሱም ስም በውስጠኞቹ ዐምዶች ላይ ተጨመረ። በ1933 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ኢትዮጵያ ከጠላት እጅ ነጻ በወጣችበት ዘመን በመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዌቭልም የዚህ ተማሪ ቤት ልጅ ነበሩ። ፊልድ ማርሻልና የህንድ እንደራሴ እስከ መሆን ደርሰው በ1950 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባረፉ ጊዜ፥ የተቀበሩት በለንደን ታላላቅ መቃብሮች ሳይሆን በልጅነታቸው በተማሩበት በዊንቸስተር ተማሪ ቤት በጥንቱ መመላለሻ ውስጥ ነው።

እነሆ ከሩቁ አገር ወደ ቤታችን ተመለስን። በአገራችንም መጽሐፋቸውን አጥፈው ወደ ጦር ሄደው ያልተመለሱ ተማሪዎች አሉ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ተማሪ ቤት ተከፍቶ በሻምበል ታም መሪነት የስዊድን መኰንኖች ማስተማር ጀምረው ነበር። ትምህርቱ ገና ሳይፈጸም ጠላት ገፋ። በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ተማሪዎቹ መንገዱን ለመከላከል ወደ ጣርማ በር ወጡ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም የተረፉት ወደ ወለጋ ሄደው ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋራ ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ቦናያ ላይ ያረፉትን ሦስት የጠላት አውሮፕላኖች ያቃጠሉ፥ የመጡባቸውንም የጦር ሹማምንት የገደሉ እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ክፍሌ ነሲቡ በፈረንሣይ አገር በሰን ሲር የጦር ተማሪ ቤት የተማረ ወጣት ነበር። ማኅበሩ በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከራስ እምሩ ጋራ ለመማረክ ተገደደ፤ ከየካቲት 12 ቀን በኋላም ጠላት የተማረውን ወጣት እየለየ በገደለ ጊዜ ክፍሌ ነሲቡና ባልደረባው በላይ ኃይለ አብ ከብዙዎች ጋራ ተረሸኑ።

የእነዚህ የጥቂቶቹ ስም በመጻሕፍት ተጽፏል፤ ከእነርሱ ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩት የብዙዎቹ ግን ከቤታቸው ሰው በቀር የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። በአገራችን ሙት የሚታሰብበት መልካም ሥርዓት አለን፤ ፍትሐቱ፥ አርባው፥ ሙት ዓመቱ፥ ተዝካሩ አለ። ዳሩ ግን በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ጐረቤት ግን አያውቀውም። ተዝካሩን የሚያወጡት እናትና አባት ባለፉ ጊዜም፥ ያ ልጅ የት እንደ ተማረ፥ ማን እንዳስተማረው፥ የት ቦታ እንደ ወደቀ የሚናገር ይጠፋል።

ስለዚህ ምክራችን ለእያንዳንዱ ቤት ነው። ተማሪ ቤት ግንብ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። በቤታችሁ በጦርነት የሞተ የተማረ ልጅ፥ ወንድም ወይም አጐት ያለ እንደ ሆነ፥ ወረቀትና ቀለም አቅርባችሁ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ስም፥ የተማረበትን ቤትና ዘመን፥ የመምህሩን ስም፥ የዘመተበትንና የወደቀበትን ቦታ፥ ሲወድቅ ያየው ሰው ማን እንደ ሆነ ጻፉ። ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ቢኖር ከዚሁ ጋራ አኑሩት። ከተጻፈውም ግልባጭ አንዱን ልጁ ለተማረበት ተማሪ ቤት ስጡ፤ የተማሪ ቤቶች አለቆችም ተቀብለው በመዝገብ ያኑሩት። ጠባዩንም መጻፍ አይረሳ፤ ቀልደኛ እንደ ነበረ፥ ሒሳብ እንደሚያስቸግረው፥ እናቱን ሳይስም ከቤት እንደማይወጣ ቢጻፍ አያሳፍርም። ሬንዳል አራት ጥራዝ መጽሐፍ ያሠሩት ግድግዳ ይህን ሁሉ ሊሸከም እንደማይችል ስላወቁ ነው።

ይህን የጻፈ ቤተ ሰብ በተዝካሩ ቀን እንግዳው በልቶ ሲጨርስ ወረቀቱን አውጥቶ ለልጆቹ ያንብብላቸው። በማለዳ በተማሪ ቤት ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይል የነበረው ልጅ ዛሬ አይመልስም። ስሙ ሲጠራ ቀና ብሎ የሚሰማ ልጅ ግን በቤቱ አይጥፋ።